የፐርል ጾም

ሌስተር ግራዲ ዘንዶ አሳድጋለሁ ብሎ አስቦም አልሞም አያውቅም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ፎቁን ተከራይቶት የነበረ ሰው ቴክሳስ ሥራ አገኘና አልጋውን፣ ጊታሩንና ድስቶቹን ጭኖ ሲሄድ አንድ የመስታወት ሳጥን ብቻ ትቶ ሄደ። ሳጥኑ ውስጥ ከክንድ የማትረዝም፣ ጥቁር ቡናማ ቆዳዋ ላይ ወርቅማ ነጠብጣብ የተረጨባት ዘንዶ ተኝታለች። ሰውየው "ለሁለት ሳምንት ብቻ ያዝልኝ" ብሎ ነበር። በዚያው ቀረ። ሌስተርም አንድ ወር ያህል ደጅ ደጁን ሲያይ ቆየና ተስፋ ሲቆርጥ ስም አወጣላት። ፐርል አላት።

ፐርል አድጋ የአንድ ሰው ቁመት ልትደርስ ጥቂት ቀራት፤ ውፍረቷም የሌስተርን ክንድ አከለ። ጠባየ ለስላሳ ናት። ሰው ነክሳ አታውቅም። ስትፈራ እንደ ኳስ ትጠቀለልና ራሷን መሃል ትደብቃለች እንጂ አትጣላም። ሌስተር ከሚስቱ ከተፋታ፣ ከብርጭቆ ፋብሪካውም በጡረታ ከወጣ በኋላ በዚያች ኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከሱ ጋር የምትተነፍስ ነፍስ እሷ ብቻ ነበረች።

ምግቧን የሚያመጣላት ታላቅ ወንድሙ ሆበርት ነው። ሆበርት ሦስት መንገድ ተሻግሮ ይኖራል፤ ጋራዡ ውስጥ አይጥ ያረባል። እባብና ጭልፊት የሚያሳድጉ የአካባቢው ሰዎች ሁሉ የሱ ደንበኞች ናቸው። ስለ አይጦቹ ሲያወራ ስለ ፈረስ የሚያወራ ይመስላል። ቤታቸው ይጠረጋል፣ ውሃቸው በየቀኑ ይለወጣል፤ ሽታ አለው ያለው ሰው ቢኖር ሆበርት ያኮርፋል።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆበርት መኪና ደጁ ይቆማል። ክዳኑ የተበሳሳ ባልዲ አንጠልጥሎ ይገባና "እሜቴ ርቧታል?" ይላል። ሌስተር "እስቲ ጠይቃት" ይለዋል። ከዚያ ሁለት ወንበር ስበው መስታወቱ ፊት ይቀመጣሉ። አይጧ ትገባለች፤ ፐርል ቀስ ብላ ራሷን ታነሳለች፤ ድንገት ትወረወራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጥምጥም ሥራ ነው። ወንድማማቾቹ ቃል ሳይተነፍሱ ያያሉ። ሲያበቃ ወጥ ቤት ገብተው አንዳንድ ሳህን ቺሊ የሚባል የባቄላና የሥጋ ወጥ በበቆሎ ዳቦ ይበላሉ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ቤዝቦሉ ሁለት ሁለት ቃል ይጣጣላሉ፤ ሆበርትም ባልዲውን ይዞ ይሄዳል። ግራዲዎች ወሬ አያውቁም። አባታቸው ሲቀበር እንኳ ሁለቱ የተጨባበጡት እንደ ጎረቤት ነው። ያቺ ቅዳሜ ግን አትቀርም፤ በበረዶም በጎርፍም አትቀርም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሆበርት ዘግይቶ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። "እንቅልፍ አልወሰደኝም" አለ፣ ሌስተርም አልጠየቀውም። አይጧን አስገቡ። ፐርል ምላሷን አወጣች፣ አየቻት፣ ፊቷን አዞረች። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ ሆነ። ሌስተር ወትሮ ካልበላች አይጧን መልሶ ያወጣል፤ ልማዱ ነው። እጁን ሲሰድ ሆበርት ያዘው።

"ተዋት እስቲ። ሲመሻሽ ትበላታለች። ትንሽ አይጥ ናት።"

ሌስተር ተዋት። ወንድሙ እንደሄደ ጎረቤቱ የቤቷ አሸንዳ ተገንጥሎ ጠራችው፤ መሰላል ላይ ሲታገል አመሸ፤ ወገቡን ይዞ ሲገባ በልብሱ እንዳለ ሶፋው ላይ ወደቀ፤ እዚያው እንቅልፍ ጣለው።

ጠዋት ተነስቶ መስታወቱ ውስጥ ያየው ነገር በቁሙ አደረቀው። ፐርል ጥግ ላይ ተለጥፋለች። ጀርባዋ ሁለት ቦታ ተቦጭቆ ሥጋው ወጥቷል፤ በአንደኛው ቁስል ውስጥ ነጭ የጎን አጥንት ይታያል። አይጧ የፐርል መደበቂያ ሳጥን ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ጢሟን ትጠርጋለች።

ሌስተር አይጧን ባልዲ ውስጥ ከተታት፣ ፐርልን ትራስ ልብስ ውስጥ አስተኛት፣ የእንስሳት ሐኪሟን ከእሑድ ቁርሷ አስነሳት፣ አርባ ማይሉን መንገድም እንዴት እንደነዳው ሳያውቅ ነዳው። ዶክተር ማኮርድ ሽበቷን በአንድ ጉንጉን የጠለፈች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ሁለት ሰዓት ሰፋቻት። ስትጨርስ ጓንቷን እያወለቀች፦

"ከመቼ ጀምሮ አብረው ነበሩ?" አለችው።

"ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ።"

ዶክተሯ ጓንቷን ቅርጫት ውስጥ ጣለች። "አይጧን እንዳይረግሟት። መውጫ የሌለው፣ የሚበላ የሌለው ቤት ውስጥ ከተቷት፤ ያገኘችውን በላች። የርስዎ ፐርል ደግሞ ካልራባት አትገድልም። ሲበሏት ዝም ብላ ትቀመጣለች።"

ሌስተር አንገቱን ደፋ።

"ከዛሬ ጀምሮ ነፍስ ያለው ነገር እዚያ ሳጥን አይገባም። የሞተ፣ ፍሪዘር የገባ ይገዛሉ፤ አቅልጠው፣ አሙቀው ይሰጧታል። ነክሶ አያቆስላትም። አይጧም ብትሆን ፈርታ ጥግ ለጥግ ስትሮጥ አትሞትም።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሕያው ነው የበላችው። እምቢ ብትልስ?"

"ትላለች" አለች ዶክተሯ። "ይታገሡ። ከሰው ይልቅ እሷ ረሃብ ትችላለች።"

ሌስተር በዚያው ቀን ከሰዓት ባልዲውን ይዞ ወንድሙ ዘንድ ሄደና የሆነውን ሁሉ ነገረው። ሆበርት ጋራዡ በር ላይ እንደቆመ ሰማው። መጀመሪያ ላይ ፊቱ ልክ እንደተመታ ሰው ሆነ። ቀጥሎ ግን ጮኸ።

"ፍሪዘር? ዘንዶ ናት እኮ አንተ! ገድላ የምትበላ ፍጥረት ናት። ከበረዶ ውስጥ የወጣ ሬሳ ቢሰጡህ አንተ ትበላለህ?"

"እኔ የምበላው ሁሉ ከበረዶ ውስጥ የወጣ ሬሳ ነው ሆበርት።"

ሆበርት አልሳቀም። "ሃያ ዓመት ያረባሁት አይጥ አንድ ቀን ሰው አላማረረበትም። ያቺ ሐኪም ናት አሁን ክፉ ያደረገቻቸው? በል፣ ፍሪዘርህን ይዘህ ኑር!" ባልዲውን ከእጁ ቀምቶ ገባና በሩን ዘጋው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና አልቆመም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎችም አልቆመም።

ሌስተር ከእንስሳት መሸጫ ሱቅ የቀዘቀዘ አይጥ ገዛ። በላስቲክ የታሸጉ፣ ጅራታቸው የታጠፈ አይጦች ናቸው፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ከአተሩና ከአይስክሬሙ ጎን ደረደራቸው። አንዱን አውጥቶ ሳህን በሚያጥብበት ጎድጓዳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቀልጣል፣ ያደርቃል፣ በረጅም ጉጠት ይዞ ፐርል ፊት ያወዛውዛል። የሮጠ እንዲመስል ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። ብቻውን ሳሎን ውስጥ ተንበርክኮ የሞተ አይጥ ሲያስጨፍር ራሱን ይታዘበዋል፤ "እንኳን ሰው የለ" ይላል። ፐርል ምላሷን አንድ ጊዜ ታወጣና ወደ መደበቂያዋ ትገባለች።

ቁስሏ ዳነ፤ ክሩ ወጣ፤ ቆዳዋን አንድ ጊዜ ለወጠች፤ በቁስሉ ቦታ ሁለት ነጭ ጠባሳ ቀረ። መብላቱን ግን አሻፈረኝ አለች። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። ሌስተር ትንንሽ ሞከረ፣ ትልልቅ ሞከረ፣ ነጭም ግራጫም ሞከረ። በየሳምንቱ በወጥ ቤቱ ሚዛን ላይ በሳህን አድርጎ ይመዝናታል፤ ዶክተሯ ጋ ይደውላል፤ እሷም ሁልጊዜ በዚያው ድምፅ "ይታገሡ" ትለዋለች። አንዳንዴ ስልኩን አንስቶ የወንድሙን ቁጥር ግማሽ ድረስ ይነካና መልሶ ያስቀምጠዋል። ቺሊውን እንደ ድሮው በትልቁ ድስት ይሠራል፤ ይተርፍና እስከ ረቡዕ እያሞቀ ይበላዋል።

የካቲት ሲገባ የፐርል የጀርባ አጥንት እንደ ጣሪያ ክፈፍ ጎልቶ ወጣ። ዶክተር ማኮርድ መጥታ ዳሰሰቻትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ጨለመ። "ሁለት ሳምንት እንጠብቅ። ከዚያ ወዲያ በቱቦ ነው። እድሜዋ ገፍቷል፤ በቱቦ ማብላቱን አልወደውም።"

ሌስተር ያን ዕለት ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ነካ።

"ሆበርት።"

"አቤት።"

"አይጥ አምጣልኝ። ሕያው። እየሞተችብኝ ነው።"

ሆበርት አላላገጠም፣ "አላልኩህም?" አላለም። "መጣሁ" ብቻ አለ።

መኪናው ቆመ። ሌስተር በመስኮት ሲያይ ሆበርት ደረጃው መሃል ላይ ደርሶ ብረቱን ይዞ ቆመ፤ ትንፋሹን ሰበሰበና ቀሪዎቹን ሦስት ደረጃዎች እንደ ተራራ ወጣቸው። ሌስተር በሩን ከፈተ። "ግባ" አለው። ወንበሮቹን ሳበ። እንደ ድሮው ተቀመጡ፤ እሜቴ ርቧታል ወይ ያለ ግን የለም።

"መጀመሪያ ትሽተት" አለ ሌስተር። "አላስገባትም። ባልዲውን እዚህ ጋ አስጠጋው፣ ክዳኑን ትንሽ ክፈተው።"

ሆበርት ባልዲውን ከሳጥኑ ክፍት በር አስጠግቶ ክዳኑን ገለጥ አደረገ። አይጧ ሰጋቱራውን ጫር ጫር አደረገችው። ፐርል ራሷን አነሳች። ምላሷ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ወጣ። ወዲያው ፐርል ወደ ኋላ ተሳበች፤ ተጠቀለለች፤ ራሷን መሃል ቀበረች። ጥብቅ ብላ፣ ሁለቱ ነጫጭ ጠባሳዎቿ ወደ ላይ ሆነው፣ የተቋጠረች ኳስ ሆነች። እንዲህ የሆነችው በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ምግብ ፊት ግን አንድም ቀን ሆና አታውቅም።

ሆበርት ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰ።

"ፈርታለች" አለ።

"አዎ።"

"አይጥን ፈርታለች።" እንደገና አለው፤ ባለማመን ሳይሆን በሐዘን ነው። ባልዲውን ወስዶ በረንዳው ላይ አስቀመጠው። ሲመለስ፦ "ያንን የምትሰጣትን አሳየኝ እስቲ" አለ።

ሌስተር ጠዋት ያቀለጠውን አይጥ ከሳህን ላይ አመጣለት። ሆበርት በሁለት ጣቱ አንስቶ እንደ ሐብሐብ አሸተተው፤ ፊቱም ተጨማደደ።

"ምን ውስጥ ነው የምታቀልጠው?"

"እዚያ፣ ማጠቢያው ውስጥ።"

"የሎሚ ሳሙና ነው እኮ የሚሸተው! አንተ ሰውዬ፣ አራት ወር ሙሉ ሳሙና ነው ስታቀርብላት የከረምከው?" ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ውስጥ የድሮው ሆበርት ብቅ አለ። "አይጥ አይጥ መሽተት አለበት። ሌላ አውጣ። በላስቲክ ውስጥ አድርገህ አሙቀው፤ ውሃ አይንካው። ጭንቅላቱን ይበልጥ አሙቀው፤ እሷ ሙቀቱን ነው የምታየው።"

ሌላ አወጡ። በላስቲክ አሞቁት። ሆበርት ከባልዲው ሥር አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ዘግኖ አምጥቶ የሞተውን አይጥ በሰጋቱራው በጥንቃቄ አሸው፤ ሆዱን፣ ጀርባውን፣ ከጆሮው ኋላ። "አትያዘው፣ አታወዛውዘው። መደበቂያዋ ደጃፍ አስቀምጥላትና ከዚህ እንሂድላት። ሰው እያፈጠጠባት ማን ይበላል?" መስታወቱን በፎጣ ሸፈኑት፣ ሳሎኑን ለቀው ወጥ ቤት ገቡ።

እዚያ የሚያዩት ነገር አልነበረም። ጠረጴዛና ሁለት ወንበር፣ ምድጃው ላይ ደግሞ ድስት ብቻ ነው ያለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ነገር አጥተው የማያውቁ ሁለት ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሌስተር ማንኪያውን አገላበጠ። ሆበርት የበቆሎ ዳቦውን ቆርሶ አልበላውም።

"ያቺ አይጥ ርቧት ነበር" አለ ሆበርት።

"የትኛዋ?"

"የጥቅምቷ። ሐሙስና ዓርብ አልመገብኳቸውም። የጠገበች አይጥ እኮ ዘንዶ አትበላም ሌስተር። ርቧት ነበር።"

ሌስተር ማንኪያውን አስቀመጠ። ወንድሙ ራሱ ሳይበላ የሚቀርበት ቀን አለ፤ አይጦቹ ግን ሳይበሉ የዋሉበት ቀን የለም።

"ለምን?"

"ሆስፒታል ነበርኩ።" ሆበርት ዳቦውን ይፈረፍራል። "ረቡዕ ማታ ደረቴን ያዘኝ። ሰንጋ የቆመብኝ መሰለኝ። አምቡላንስ ጠርቼ ገባሁ። ሦስት ሌሊት አሳደሩኝ። የልብህ ሥር ተዘግቷል፣ ደረትህን ከፍተን እናስተካክል አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ፈርሜ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ እጄ የገባችውን ከተትኩና ሮጥኩ። ቅዳሜያችን እንዳትቀር ብዬ ነው።"

ሌስተር ንዴቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ፊቱ ቀላ።

"ሁለት ቀን ሙሉ ሆስፒታል ተኝተህ ለኔ አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርህ?"

"'ሌስተር፣ ደረቴን አሞኛል' ትለኛለሃ! ሦስት ቃል ነው! ሌላ ወንድም አለህ እንዴ? ሞተህ ቢሆንስ? ከጎረቤት ልስማ?"

"አትጩህ፤ ትደነግጣለች።" ሆበርት በአውራ ጣቱ ወደ ሳሎኑ ጠቆመ። ድምፁ ቀጠነ። "ከዚያ በማግስቱ መጥተህ ፐርል እንዲህ ሆነች ስትለኝ፣ የኔ ጥፋት ነው ማለት አቃተኝ። አፌ አልከፈት አለ። ስለዚህ ጮህኩብህ። ከጮህኩ በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ።"

ሌስተር ንዴቱ እንደመጣ ሄደበት። "ሌሊቱን አብረው የተውኳቸው እኔ ነኝ" አለ።

"ተዋት ያልኩህ እኔ።"

"እሺ፣ እኩል እንውሰደው።"

ሆበርት ሊስቅ ሲል ከሳሎን ድው የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መስታወቱም ተንቀጠቀጠ። ሌስተር ሊነሳ ሲል ሆበርት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተጫነበት። "ቁጭ በል። ታስጥላታለህ።" ተቀመጡ። ቺሊው ድስቱ ውስጥ ይንተከተካል። የሆበርት እጅ ከሌስተር እጅ ላይ አልተነሳም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእግር ጣታቸው ሄደው የፎጣውን ጥግ ገለጡ። ፐርል ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ተዘርግታለች፤ አንገቷ ወፍሯል፤ ከአፏ ጥግ የቀረ አንድ ቀጭን ጅራት እየተሳበ፣ እየተሳበ ገባ። ሆበርት ፎጣውን መለሰና ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ሌስተር በሸሚዙ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። "ጉንፋን ይዞኛል" አለ።

"ታዲያስ፣ ጉንፋን ነው" አለው ሆበርት።

ሰኞ ጠዋት ሌስተር ራሱ ለልብ ሐኪሙ ደወለ፤ ሆበርት አጠገቡ ቆሞ "ሌላ ጊዜ ይሁን" እያለ እጁን ቢያወዛውዝም አልሰማውም። በመጋቢት ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ሌስተር አድርሶ፣ ስድስት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ፣ "ደህና ነው" ሲባል ብቻ ወጣ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያለ ባለቤት የቀሩት ስልሳ ምናምን አይጦች የሱ ሆኑ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይጥ እንደ ምሳ እንጂ እንደ አይጥ አይቶ አያውቅም፤ አሁን ግን ውሃቸውን ሲለውጥ ማን ጣቱን እንደሚያሸት፣ ማን ከታናናሾቿ ቀምታ እንደምትበላ፣ ማን ሲመጣ ሽቦው ላይ ወጥታ እንደምትጠብቀው ለየ። ሆበርት ከሆስፒታል አልጋው ላይ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል፤ ስለ ራሱ አንድም ቃል አይናገርም፣ "ሰጋቱራው ደረቅ ነው?" ይላል።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ሆበርት ከዚህ በኋላ ሕያው አይጥ ከጋራዡ እንደማይወጣ ለደንበኞቹ ሁሉ ነገረ። ዶክተር ማኮርድ አይጦቹ ሳይደነግጡ በጋዝ አንቀላፍተው የሚሞቱበትን ሳጥን እንዴት እንደሚሠራ አሳየችው። ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ሌላ አርቢ ፈለጉ፤ አንዱ "አርጅተሃል" አለው። ሆበርት "አዎ፣ ሐኪሙም እንዲሁ ብሎኛል" ብሎ መለሰለት። የቀሩት ግን ቀሩ። ፐርልም በየሁለት ሳምንቱ ፎጣ ተጋርዶላት ትበላለች፤ አንዳንዴ አንድ ተራ ሳትበላ ታልፋለች፣ ያን ጊዜ ማንም አይደነግጥም።

አንድ የሚያዝያ ከሰዓት ሆበርት ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ እግር ጋራዡ ድረስ መጣ። ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ተገልብጦ የተቀመጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። ሌስተር የአይጦቹን ጥራጥሬ እየሰፈረ በየተራ ያድላል። በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ጎረቤቱ ሣር ያጭዳል።

"ያቺኛዋ፣ ጥግ ላይ ያለችው" አለ ሆበርት፣ "እርጉዝ ናት። ትንሽ ጨመር አድርግላት።"

ሌስተር ጨመረላት።